የዱቤ ግድግዳ

ሳይነጋ ተነሣን፣ እኔና ጉሌድ፣
የከዚራ ዛፎች ጥላቸው ሳይወርድ።
የኔ ብስክሌት ዘር ማንዘሩ አይታወቅ፦
አንገቱ ከጅቡቲ በሌት የገባ ዕቃ፣
ጎማው ከታይዋን ተራ፣ በክርክር የተገዛ፣
ሰንሰለቱን ሙሴ ክሪኮር በናፍጣ አጥቦ የሰጠኝ፣
«አሸዋው ጥርስ አለው፣ ሲስቅ እንዳትስቂለት» ብሎ የመከረኝ።

ደቻቱን ተሻገርን። ወንዙ አልነበረም፣
አሸዋው ብቻ ነው ቤት ጠባቂ የቀረው፤
ሲመጣ ደግሞ እናውቀዋለን፣ አንኳኩቶ አይገባም።

ሽንሌን ስናልፍ ጎህ ቀደደ።
ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚባል የለም።
የባቡሩ ሐዲድ ነበር፤ እሱንም ሰው ፈቶ ወሰደው፣
የፍየል በረት፣ የቤት ማገር፣ የመስኮት ብረት አደረገው።
የቀረው ጠጠሩ ነው፤
አባቴ የቆጠረው።

ጠጠር ሰፈር ይሉታል። ሦስት መቶ ሰው
ተራራ እየፈለጠ ለሐዲድ ፍራሽ ያነጠፈበት፣
አባቴ ጥላዬ ሰዓት ይዞ፣
ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ታመመ የጻፈበት።
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በጭነት ፉርጎ ይመጣል፣
ቅንድቡ ነጭ አቧራ፣ ኪሱ ከረሜላ።
«ከሰው ዕዳ የለብኝም» ይል ነበር ሲበላ፣
«ከሰው ዕዳ የለብኝም» ሲተኛ፣ ሲነሣ፣ ሲጣላ።
በቀብሩም ቀን ቄሱ ይህንኑ ደገሙት፣
ሌላ የሚሉት ቢያጡ።

አቀበቱ ላይ ማርሹ እምቢ አለ።
ጉሌድ ከፊት ይዘፍናል፣ ትንፋሹ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤
የኔ ልብ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል።
እሾህ፣ ጠጠር፣ እሾህ፣ የግመል መንጋጋ፣ እሾህ።
ሚዳቋ ቆማ አየችን፣ እብድ እንደሚታይ።
ጎማዬ ሁለቴ ተነፈሰ፣ ሁለቴ ለጠፍነው።
«አቦ አንቺ ልጅ» አለኝ፣
«ሙታን እንኳ በዚህ ሰዓት ጥላ ይፈልጋሉ።»

ደረስን። በር የሌላቸው ቤቶች፣
አፋቸውን ከፍተው እንደ ተኙ ሽማግሌዎች።
የድንጋይ መፍጫው ዝጓል፣ ጥርሱ መሀል ወፍ ጎጆ ሠርታለች።
የደመወዙ መስኮት ለአንድ እጅ ብቻ ይበቃል፤
ከኋላው ክፍል የለም፣ ሰማይ ነው።
እጄን አስገባሁ፤
ትኩስ ነፋስ ተከፈለኝ።

ከዚያ የሆዳን ሱቅ። ጣሪያው ሄዷል፣
ግድግዳው ግን ከነኖራው ቆሟል፣
ከዳር እዳር በከሰል የተጻፈ ስም ነው።
አብዛኛው ተፍቋል፣ በቢላ ይመስላል፤
የከፈለ ይፋቃል።
ያልተፋቁት አራት ናቸው።
ሦስተኛው፦ ጥላዬ ሰዓት። ሦስት ከሃምሳ። ከረሜላ።

ሳቅሁ መሰለኝ። ጉሌድ ግን ፊቱን አዞረልኝ።
ያ ኩሩ ሰው! ዕዳው የቀለጠው እዚህ ነው፣ ምላሴ ሥር፣
ቀዩ ለኔ፣ አረንጓዴው ለወንድሜ፣
ወረቀቱን እንኳ ልሰን ነው የጣልነው።

«ሆዳን!» ብዬ ጠራሁ። ፍየል እንኳ አልመለሰልኝ።
ባሕር ተሻግራለች ይላሉ፣ ሞታለችም ይላሉ።
ያለችኝን አንዲት መቶ ብር ድንጋይ ሥር አደረግሁ፣
መልሱን አልጠብቅም።
ቢላዬን አወጣሁ፣ ስሙን ልፍቅለት፣
ጫፉን «ጥ» ላይ አሳረፍሁ፤
እጄ ቆመ።
ሦስት መቶ ሰው ነበር እዚህ። የከፈሉት የሉም።
ባለዕዳ ብቻ ነው ስሙ የቀረ።

ተውሁት።

ስንመለስ ሽንሌ ሳንደርስ ጎማው ለሦስተኛ ጊዜ ተነፈሰ፣
ልጥፉም አልቋል። እየገፋን ገባን፣
ድሬ ከወዲያ፣ ከተራራው ግርጌ፣ መብራቷን ስትለኩስ።
ጎማ ለጣፊው ሰባት እሾህ ነቅሎ መዳፉ ላይ ቆጠረልኝ።
ኪሴን ዳሰስሁ። ጉሌድም ኪሱን ገለበጠ፤
የተምር ፍሬና አሸዋ።
«ግድ የለም» አለ ሰውየው፣ ደብተሩን ገልጦ፣
እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣
«ስምሽ ማነው?»

ሙሉ ስሜን ነገርሁት፤
የአባቴን ሁለቴ፣ በደንብ እንዲጽፈው።